ስልኩን ማን ይለየው? ሰርቨሩ ወይስ ብሮውዘሩ?

በሐዋሳ ከአቶቴ እስከ ፒያሳ፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ እስከ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በሰው እጅ ያለው ስልክ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ አዲስ ሳምሰንግ ይዟል፤ ሌላዋ ስክሪኑ የተሰነጠቀ የቆየ ቴክኖ። የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲለቀቅ ግን ሁሉም የሚያንኳኩት አንድ በር ነው። ገጹ ሳይከፈት ፓኬጁ ቢያልቅ ኪሳራው የባለ ስልኩ እንጂ የገጹ ሠሪ አይደለም።

ስለዚህ የድረ ገጽ ባለሙያዎች የውስጥ ጉዳያችን ነው የሚሉት ጥያቄ የሕዝብ ጥያቄ ነው፦ የተጠቃሚውን ስልክ ማን ይለየው?

📌 አንደኛው መንገድ ሰርቨሩ ነው። ብሮውዘር ገጽ ሲጠይቅ ማንነቱን የሚናገር አጭር ጽሑፍ አብሮ ይልካል። ሰርቨሩ ያን አይቶ ለትንሹ ስልክ ቀለል ያለውን ገጽ ይሰጣል፤ የማያስፈልገው ከመነሻው አይላክም። ችግሩ መታወቂያው የማይታመን መሆኑ ነው። አይፓድ ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ራሱን ማክ ኮምፒውተር ነኝ ይላል። ክሮምም ከ2023 ወዲህ የአንድሮይድ ስልኮችን ሞዴል ደብቆ ለሁሉም አንድ ዓይነት ፊደል ይጽፋል። ውዱም ርካሹም ለሰርቨሩ አንድ ሆነዋል።

📌 ሁለተኛው ብሮውዘሩ ነው። ጃቫስክሪፕት ስልኩ ላይ ደርሶ የስክሪኑን ስፋትና ሌላውንም አቅም በቀጥታ ይለካል። ከግምት ይሻላል፤ ግን ለመለካት መጀመሪያ ራሱ መውረድ አለበት። ዳታው ከተበላ በኋላ "ይህ ስልክ ደካማ ነው" ማለት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ኦፔራ ሚኒ ደግሞ በከፍተኛ የቁጠባ ሁኔታው ጃቫስክሪፕቱን የሚያስኬደው በስልኩ ሳይሆን በኦፔራ ሰርቨር ላይ ነው።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ማንነት ከመጠየቅ በፊት ለሁሉም ቀላሉን መስጠት። ሰርቨሩ ለማንም ሳያዳላ ስምና ውጤት የያዘ ቀላል ገጽ ይላክ፤ ይህ ጥቂት ኪሎባይት ነው። ስፋቱን ብሮውዘሩ እንደ ስክሪኑ ያስተካክለው፤ ኤታን ማርኮት በ2010 (እ.ኤ.አ.) ስም የሰጠው አሠራር ለዚህ ይበቃል። ትልልቅ ፎቶና ቪዲዮ አቅሙ ለተረጋገጠ ስልክ ኋላ ይጨመር።

"ለትንሽ መሥሪያ ቤት ወጪው ይከብዳል" የሚሉ አሉ። ነገር ግን የሚሠራው አንድ ገጽ ነው፤ የሚበዛው ወጪ የስልክ ሞዴሎችን ዝርዝር ሲያሳድዱ መኖር ነው።

ምሳሌው ሩቅ አይደለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲጀመር መተግበሪያ ላለውም፣ *127# ለሚደውለውም በር ከፍቷል። የትኛው እንደሚሻለው የመረጠው ተጠቃሚው ነው።

የመንግሥት ድረ ገጾች ሪባን ከመቆረጡ በፊት በርካሽ ስልክ፣ በደካማ ኔትወርክ ይሞከሩ። እዚያ ካልተከፈተ አገልግሎቱ ገና አልተጀመረም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?