በጎረቤቶች ጠብ ስለሚሰጥ የእግድ ትእዛዝ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ የቤት ባለቤቶች ማኅበር የአቋም መግለጫ

እኛ በአዲስ አበባ ከተማ በአንድ የጋራ መኖሪያ መንደር የምንኖር የቤት ባለቤቶች፣ የጎረቤት ጠብ ወደ ዛቻና ትንኮሳ ሲሸጋገር ፍርድ ቤት ሊሰጠው ስለሚገባው የእግድ ትእዛዝ በጠቅላላ ጉባኤያችን ተወያይተን ይህን የአቋም መግለጫ አውጥተናል። መግለጫው ለሕግ አውጪው፣ ለፍርድ ቤቶች፣ ለፖሊስ፣ ለአቻ ማኅበራትና ለራሳችን አባላት የቀረበ ነው።

አቋማችን በአጭሩ ይህ ነው። የእግድ ትእዛዝ ሰውን ከሰው ጥቃት መጠበቂያ እንጂ የቧንቧ፣ የግድግዳና የመኪና ማቆሚያ ክርክር መቋጫ መሆን የለበትም። ስጋቱ እውነተኛ በሆነ ጊዜ ትእዛዙ ሳይዘገይ ይሰጥ፤ ሲሰጥም የሚከለክለው ድርጊት ተለይቶ የታወቀ፣ ጊዜው የተወሰነ፣ ሁለቱም ወገኖች የሚሰሙበት ይሁን።

ጉዳዩ ለምን አሳሰበን

በጋራ ሕንፃ ውስጥ ጠብ የሚጀምረው ከትንሽ ነገር ነው። ከሦስተኛ ፎቅ መታጠቢያ ቤት የሚንጠባጠብ ውሃ የሁለተኛውን ፎቅ ጣሪያ ያበላሻል። የታችኛው ነዋሪ «አስጠግኑልኝ» ይላል፤ የላይኛው «ጥፋቱ የሕንፃው ሥራ ነው» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ሰላምታ ይቋረጣል፣ ደረጃ ላይ ስድብ ይጀመራል፣ የውሃ መዝጊያው ሌሊት ተዘግቶ ያድራል፣ ቆሻሻ በር ላይ ይደፋል። በመጨረሻም «ልጆችህን ጠብቅ» የሚል ቃል ይወረወራል።

በዚህ ሂደት ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች አሉ፤ ሁልጊዜ ሲደባለቁም እናያለን። ጣሪያው የሚፈልገው የቧንቧ ሠራተኛና ወጪውን ማን ይክፈል የሚል ውሳኔ ነው። ዛቻው ግን ዳኛ ይፈልጋል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲታሰሩ ዛቻው «የጣሪያ ጉዳይ» ተብሎ ይናቃል፤ አለዚያም የጣሪያው ክርክር «ዛቻ» ተብሎ ይጋነናል። ሁለቱም በደል ነው።

ተራ ጠበኞች መንገድ ቀይረው ሊሄዱ ይችላሉ። በአንድ ብሎክ ውስጥ የሚኖሩ ግን ደረጃቸው፣ ኮሪደራቸው፣ የቆጣሪ ሳጥናቸው፣ ኮሚናላቸውና ልብስ ማስጫቸው አንድ ነው። የተዛተበት ሰው ውሃ ለመቅዳትም ልጁን ትምህርት ቤት ለማድረስም በዛተበት ሰው በር ማለፍ አለበት። ብቻቸውን የሚኖሩ ሴቶች፣ አረጋውያንና ቤት ለማጣት የሚሰጉ ተከራዮች ይህን ጫና ከሌላው በበለጠ ይሸከማሉ።

ሕጋችን ዛሬ የሚሰጠውና የጎደለው

ሕጋችን ባዶ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለሀብት በመብቱ ሲሠራበት ጎረቤቱን ከማወክና ከመጉዳት እንዲቆጠብ ያዛል፤ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረትንም ይከለክላል። ልኩ ሲመዘን የአካባቢው ልማድ ከግምት እንዲገባ መደንገጉ አስተዋይነት ነው፤ የበዓል ዋዜማ ሁካታና የዘወትር ሁካታ አንድ አይደሉምና። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 10 በሰብአዊ መብቱ ላይ ሕገ ወጥ ድርጊት የተፈጸመበት ሰው ድርጊቱ እንዲቆም የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። አንቀጽ 2121 ደግሞ ድርጊቱ ሊፈጸም እንደሚችል የሚያሳምን ምክንያት ሲኖርና ጉዳቱ በገንዘብ ካሣ የማይጠገን ሲሆን ፍርድ ቤት ሊከለክለው እንደሚችል ይናገራል።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም በአንቀጽ 154 እና 155 ጊዜያዊ እግድ ይፈቅዳል። ነገር ግን ይህ እግድ በዋና ክስ ላይ የሚንጠለጠል ነው። ዛቻ የደረሰበት ሰው እግድ ለማግኘት በቅድሚያ ክስ መመሥረት ይኖርበታል፤ ክስ ደግሞ ጊዜ፣ ገንዘብና ብዙ ጊዜም ጠበቃ ይጠይቃል። ድንጋጌዎቹ ሲቀረጹ በዋናነት የታሰበው ክርክር እስኪያልቅ ንብረት እንዳይጠፋና መብት እንዳይጣስ ነው። ዛሬ ማታ ደረጃ ላይ ለሚጠብቅ ሰው የተዘጋጁ አይደሉም።

በወንጀል በኩል የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 580 ሰውን በማስፈራራት ሽብር ላይ መጣልን ያስቀጣል፤ ክሱ የሚቀርበው ግን በተበዳዩ አቤቱታ ነው። አንቀጽ 139 ደግሞ ወንጀል ይፈጽማል ተብሎ የሚያሰጋን ሰው ፍርድ ቤት የመልካም ጠባይ ዋስትና እንዲሰጥ ሊያስገድደው እንደሚችል ይደነግጋል። ይህ ድንጋጌ ለእኛ ጉዳይ እጅግ የሚቀርብ ቢሆንም ከማኅበራችን አባላት አብዛኞቹ መኖሩን እንኳ አያውቁም።

እንግዲህ በእነዚህ ሕጎች ውስጥ የተበታተኑ መሣሪያዎች አሉ። የሌለው አንድ ነው፤ ዋና ክስ ሳይመሠረት፣ በቀላል ቅጽ፣ በቀናት ውስጥ የሚታይ ራሱን የቻለ የጥበቃ ትእዛዝ። በዚህ ክፍተት ተበዳይ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፦ ዝም ብሎ ይኖራል፣ አለዚያም ቤቱን አከራይቶ ይሸሻል።

ከሌሎች አገሮች የምንወስደው

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት «የሰላም ትእዛዝ» የሚባል ሥርዓት አለ። የቤተሰብ ዝምድና ለሌላቸው ሰዎች፣ ለምሳሌ ለጎረቤቶች፣ የሚያገለግል ነው። አመልካች ድርጊቱ በተፈጸመ በ30 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ፍርድ ቤት በማይሠራበት ሰዓትም ጊዜያዊ ትእዛዝ የሚሰጥ ኃላፊ አለ። ሁለቱ ወገኖች ከተሰሙ በኋላ የሚሰጠው የመጨረሻ ትእዛዝ እስከ 6 ወር ይቆያል። ዳኛው ተከራካሪዎቹ ፈቃደኛ ከሆኑ ወደ ሽምግልና ሊመራቸው ይችላል፤ እያወቀ ሐሰተኛ መረጃ በአቤቱታው ያሰፈረ ሰው ግን በወንጀል ይጠየቃል። የእንግሊዝ የ1997 እ.ኤ.አ. የትንኮሳ መከላከያ ሕግ ደግሞ በአንድ ሰው ላይ የሚፈጸም ትንኮሳ ቢያንስ ሁለት ጊዜ የተደጋገመ ድርጊት እንዲሆን ይጠይቃል።

እነዚህን የምንጠቅሰው እንዳሉ ይገልበጡ ብለን አይደለም። የምንወስደው ሚዛናቸውን ነው፤ በሩ ለተበዳይ በቀላሉ ይከፈታል፣ ገብቶ ለሚዋሽ ግን ዋጋ ያስከፍላል።

አቋማችን

1. *ትእዛዙ ለሰው ደኅንነት ብቻ ይዋል።* የወሰን፣ የጥገና ወጪ፣ የጋራ መጠቀሚያ ድርሻና የማኅበር መዋጮ ክርክሮች በየራሳቸው መንገድ ይታዩ። በጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የሚጸድቁ የማኅበራት መተዳደሪያ ደንቦች ለዚህ በቂ መነሻ ናቸው።

2. *መስፈርቱ በግልጽ ይቀመጥ።* የኃይል ድርጊት ወይም አካልን የመጉዳት ዛቻ አንድ ጊዜ መፈጸሙ ይበቃል። ከዚያ በታች ያለው ትንኮሳ ግን ተደጋጋሚ መሆኑና ሆን ተብሎ በአመልካቹ ላይ ያነጣጠረ መሆኑ ይታይ። የሕፃን ለቅሶ፣ የበርበሬ ድለዛ ሽታ፣ የበዓል እርድ፣ የጸሎት ድምፅ በራሳቸው ለእግድ ምክንያት አይሁኑ።

3. *የመጀመሪያው ትእዛዝ ፈጣን፣ ሁለተኛው ችሎት ግዴታ ይሁን።* አጣዳፊ ስጋት ሲኖር ዳኛ በአመልካቹ ቃለ መሐላ ብቻ ጊዜያዊ ትእዛዝ ሊሰጥ ይገባል። ይሁን እንጂ ትእዛዙ ከተሰጠ ከ10 ቀን ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ተጠሪው፣ ማለትም ትእዛዙ የተጠየቀበት ሰው፣ ቀርቦ ይሰማ። ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ትእዛዝ ከ6 ወር አይብለጥ፤ የሚራዘመውም አዲስ ምክንያት ሲቀርብ ብቻ ነው።

4. *ትእዛዙ በሜትር ሳይሆን በድርጊት ይለካ።* «ከ100 ሜትር እንዳትቀርብ» የሚል ቃል አንድ ደረጃ ለሚጋሩ ሰዎች ትርጉም የለውም፤ ወይ አይፈጸምም፣ ወይ ሰውን ከቤቱ ያስወጣል። በምትኩ ትእዛዙ የተከለከለውን ድርጊት ይዘርዝር፦ በር አታንኳኳ፣ ቃል አትወርውር፣ ስልክ አትደውል፣ መልእክት አትላክ፣ የውሃና የመብራት መዝጊያ አትንካ፣ ልጆቹን አታነጋግር። ስለ ጋራ ጉዳይ መነጋገር ግድ ሲሆን በማኅበሩ ኮሚቴ በኩል በጽሑፍ ይሁን።

5. *እግድ ማስለቀቂያ አይሁን።* በተጠሪው ላይ ትእዛዝ ስለተሰጠ ብቻ አከራይ ውል እንዲያቋርጥ፣ ማኅበርም አገልግሎት እንዲነፍግ መፈቀድ የለበትም። አመልካቹም ተከራይ ከሆነ «ጠብ አመጣህብን» ተብሎ ከቤቱ እንዳይወጣ ጥበቃ ይደረግለት።

6. *«ሁለታችሁም ተዉ» የሚል የጅምላ ትእዛዝ ይቅር።* በሁለት ወገን ላይ ትእዛዝ የሚሰጠው ሁለቱም በየበኩላቸው አመልክተው፣ ሁለቱም በየማስረጃቸው ሲረቱ ብቻ ነው። አለዚያ የተዛተበት ሰው ከዛተበት ሰው እኩል ጥፋተኛ ሆኖ ይመዘገባል።

7. *ሽምግልና በፈቃድ እንጂ በግዴታ አይሁን።* ወደዚህ ነጥብ ከዚህ በታች በዝርዝር እንመለሳለን።

8. *ሐሰተኛ አቤቱታ ያስቀጣ፤ ያልተረጋገጠ አቤቱታ ግን አያስቀጣ።* እያወቀ የዋሸ ሰው ይጠየቅ። ማስረጃ ስላነሰው ብቻ ያልተሳካለት አመልካች ግን ለምን ከሰስክ ተብሎ መቀጣት የለበትም፤ ያ ከሆነ እውነተኛ ተበዳይም ዝም ይላል።

9. *የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ጉዳይ ለብቻው ይታይ።* ትእዛዙን ሊረዳና ሊጠብቅ በማይችል ሰው ላይ የሚወጣ እግድ ለጎረቤት ደኅንነት አይሰጥም፣ ሕመምተኛውን ግን ወደ እስር ይገፋል። በቅድሚያ ቤተሰብና የጤና ተቋም ይጠሩ።

ስለ ሽምግልና

በጉባኤያችን ብርቱ ክርክር ያስነሣው ይህ ነጥብ ነበር። አንዳንድ አባላት «ጎረቤት በፍርድ ቤት ወረቀት አይታረቅም፤ እድሩም ቡናውም ይፈርሳል» ብለዋል። እውነት አለው። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ማለት የአባቶቻችን ጥበብ ነው፤ ብዙ የጥገናና የድምፅ ጠብ በሽማግሌ ተፈቷል፣ ወደፊትም ይፈታል። የሽምግልና ውጤት ሕጋዊ ጉልበት እንዲኖረውም መንገድ አለ። የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ዕርቅን በሕግ ማዕቀፍ ውስጥ አስገብቶታል።

ነገር ግን ሽምግልና ሁለት እኩል ተናጋሪዎችን ይፈልጋል። «እገድልሃለሁ» የተባለ ሰው ከተናገረው ሰው ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ «ይቅር» እንዲል ሲገደድ የሚያደርገው ፍርሃቱን መደበቅ ነው። ሽማግሌዎችም ተሰሚነት ያለውን፣ ሀብታሙን ወይም ብዙ ዘመድ ያለውን ላለማስቀየም ሲሉ ደካማውን «ተው፣ ቻለው» ማለት ይቀናቸዋል። ፖሊስ ጣቢያ የሄደ አቤት ባይም «ተስማሙ» ተብሎ ወረቀት ፈርሞ ከተመለሰ በኋላ ጉዳዩ ዳግም ሲነሣ «ታርቃችሁ አልነበር» የሚለውን መልስ ይዞ ይመለሳል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ እንዲሆን እንጠይቃለን። ዛቻ ወይም ድብደባ ባለበት ጥበቃው ይቅደም፣ ዕርቁ ይከተል። ሽማግሌ መላክ ለአቤቱታ ቅድመ ሁኔታ አይሁን። ተበዳዩ በገዛ ፈቃዱ ዕርቅ ከመረጠ ስምምነቱ በጽሑፍ ሆኖ ለፍርድ ቤቱ ይቅረብ፤ ዳኛውም ፈቃዱ ነፃ መሆኑን ጠይቆ ያጽድቀው።

ማኅበራችን በራሱ ላይ የሚጥለው ግዴታ

ከሌላው የምንጠይቀውን ያህል ከራሳችንም እንጠይቃለን። ማኅበራችን፦

— የአባላትን የጠብ አቤቱታ ቀን፣ ሰዓትና የተባለውን ቃል በመዝገብ ይይዛል፤ አቤት ባዩ ሲጠይቅ ግልባጭ ይሰጣል፤ ስለ ጥፋተኝነት ግን ፍርድ አይሰጥም።

— የጥበቃ ሠራተኞችና የብሎክ ተጠሪዎች በዓይናቸው ያዩትን እንጂ የሰሙትን ወሬ እንዳይመሰክሩ ያስገነዝባል።

— የፍርድ ቤት ትእዛዝ በማስታወቂያ ሰሌዳም ሆነ በነዋሪዎች የቴሌግራም ቡድን እንዳይለጠፍ ይከለክላል፤ የሁለቱንም ወገኖች ክብር ይጠብቃል።

— የውሃ ፍሳሽ፣ የድምፅና የመኪና ማቆሚያ አቤቱታዎችን በ15 ቀን ውስጥ አይቶ ውሳኔ ይሰጣል፤ የዛቻው መነሻ ብዙ ጊዜ የኛው መዘግየት ነውና።

ጥሪያችን

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የፍትሕ ሚኒስቴር ከላይ በተዘረዘሩት ነጥቦች ላይ ተመሥርተው ራሱን የቻለ የጥበቃ ትእዛዝ ሕግ እንዲያዘጋጁ እንጠይቃለን። ሕጉ እስኪወጣም ፍርድ ቤቶች በሥነ ሥርዓት ሕጉ ያላቸውን የእግድ ሥልጣንና በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 139 የተመለከተውን የመልካም ጠባይ ዋስትና ለጎረቤት ዛቻ በትጋት እንዲጠቀሙበት፣ የአቤቱታ ቅጹን በአማርኛ ቀላል ቃላትና ያለ ክፍያ እንዲያቀርቡ እናሳስባለን። ፖሊስ የዛቻ አቤቱታን «የጎረቤት ነገር ነው» ብሎ ሳይመልስ እንዲመዘግብ፣ የተሰጠ ትእዛዝ ሲጣስም ወዲያውኑ እርምጃ እንዲወስድ እንጠይቃለን። አቻ ማኅበራት ይህን አቋም በየጠቅላላ ጉባኤያቸው መርምረው፣ የሚስማሙበትን ተቀብለው፣ የማይስማሙበትን አርመው በጽሑፍ እንዲያሳውቁን፣ ከዚያም በአንድ የጋራ ሰነድ ለሕግ አውጪው እንድንቀርብ ጥሪ እናደርጋለን።

የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ
አዲስ አበባ