የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው! የፉሪ ሰውና ባቡሩ

ፉሪ ላይ ባቡር ጣቢያ አለ። ያውም እንዴት ያለ ጣቢያ! "ፉሪ-ለቡ" ተብሎ የአዲስ አበባ ዋና የመንገደኛ ጣቢያ የሆነው ይኸው ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የጂቡቲ መሪዎች ባሉበት ሪባን ተቆረጠለት። ታዲያ ከአጥሩ ማዶ የሚኖረው የፉሪ ሰው ጥዋት ሥራ የሚሄደው በምንድነው? በሚኒባስ! እሱም ተጋፍቶ ከተገኘ ነው።

የድሮው ለገሐር መሐል ከተማ ነበር፤ ሰው በእግሩ ሄዶ ይሳፈር ነበር። አዲሱን ጣቢያ ዳር አወጡት፣ ይሁን። ግን የሚያደርስ ነገር ማን አሰበ? በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር እንኳ አንዱ መስመሩ ቃሊቲ፣ ሌላው ጦር ኃይሎች ላይ አበቃ። ለቡ አልደረሰም። ሁለት ባቡር ሠርተን ሳናገናኛቸው ቀረን። ይሄ ምን ይባላል?

በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. የንግድ አገልግሎት ሲጀመርም የመንገደኛው ባቡር የታሰበው ለድሬዳዋና ለጂቡቲ ተጓዥ ነበር፤ እሱም አንድ ቀን እየዘለለ። ጥዋት ገብቶ ማታ የሚመለሰው ሠራተኛ፣ ተማሪና ነጋዴ በሒሳቡ ውስጥ አልነበረም።

"ዶላር የሚያመጣው ዕቃ ነው" ይሉናል። እውነት ነው፣ ወደብ የሌለው አገር ዕቃውን ማስቀደሙ አይነቀፍም። ግን ከሰበታ እስከ አዳማ ድርብ ሐዲድ የተዘረጋው ለምንድነው? አንዱ ሲሄድ ሌላው እንዲመጣ አይደለም እንዴ? ሰበታ፣ ፉሪ፣ እንዶዴ፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ፦ ጣቢያው በየቦታው ቆሟል። ባቡሩም የሚሄደው በአገር ኤሌክትሪክ ነው። ሚኒባሱ ግን ከውጭ በዶላር የሚገዛ ነዳጅ ይጠጣል።

ዕዳውንስ ማን ይከፍላል? መስመሩ እስከ ጂቡቲ 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቷል፤ አብዛኛው የቻይና ብድር ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ ቤጂንግ ሄደው የመክፈያው ጊዜ ከ10 ዓመት ወደ 30 ዓመት መራዘሙን ነግረውናል። እንግዲህ ዛሬ ፉሪ ላይ የሚወለደው ልጅ ጎልምሶም የዚህ ባቡር ባለዕዳ ነው። በዕዳው ከቆጠራችሁት፣ በወንበሩም ቁጠሩት!

ፉሪን ትናንት የሰበታ አሏት፣ ዛሬ የሸገር ይሏታል፤ ማዶዋ አዲስ አበባ ነው። የታክሲ ሰልፍ ግን የክልል ድንበር አያውቅም። ስለዚህ የፌዴራሉም፣ የክልሉም፣ የከተማውም ሹማምንት "የኔ አይደለም" መባባሉን ትተው አንድ ላይ ይቀመጡ። የምንጠይቀው ሌላ ሐዲድ አይደለም። ጥዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ የደሃ ኪስ የሚችለው የሰበታ-አዳማ ባቡር፤ ከጣቢያው በር የሚነሳ አውቶቡስ፤ ሰዓቱም በር ላይ ተለጥፎ የሚነበብ። ይኼው ነው።

ድሬዳዋን ከተማ ያደረጋት ባቡር ቆሞ ሰው በመጫኑ ነው። ፉሪን እያፏጨ ቢያልፋት ግን ትርፏ ጩኸት ብቻ ነው!