ኢንስሞድ ምን ብሎ ይመልስ?

የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ የሚቀርብበት ሰሞን ሲደርስ በዲፓርትመንታችን የሚሰሙት ርዕሶች ያው እንደምታውቋቸው ናቸው። የተማሪ ሬጅስትሬሽን ሲስተም፣ የሆስፒታል ካርድ ክፍል ሲስተም፣ የሆቴል አልጋ ማስያዣ። አዳማ የስብሰባና የሆቴል ከተማ ስለሆነች የመጨረሻው መቼም አይጠፋም። እነዚህን ለመንቀፍ አይደለም የተነሳሁት። የምቃወመው አንድ ተማሪ ተነስቶ "የአንድ ነባር ፕሮግራም መልእክት አስተካክላለሁ" ሲል "ይሄማ ፕሮጀክት አይባልም" የሚለውን አስተሳሰብ ነው። ምክንያቴን በሊኑክስ የከርነል ሞጁል ትእዛዞች ላስረዳ።

ትንሽ ሞጁል ጽፎ በኢንስሞድ ወደ ከርነል ለመጫን የሞከረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሞጁሉ ለሌላ የከርነል ቨርዥን የተሠራ ከሆነ ኢንስሞድ "ኢንቫሊድ ሞጁል ፎርማት" ይላል፤ በቃ። ከምን ጋር ነው ያልተስማማው? መልሱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ዲሜሴጅ በሚባለው ትእዛዝ የከርነሉን መዝገብ ብትከፍቱ ሞጁሉ የተሠራበት ቨርዥንና መሆን የነበረበት ቨርዥን ተጽፈው ታገኛላችሁ። ይህን ያልሰማ ተማሪ ግን ጥፋቱ የሲ ኮዱ መስሎት እሱን ሲበረብር ይውላል።

ነገሩ እንዲህ የሆነው በስንፍና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ ከርነል 2.6 እስኪወጣ ድረስ ሞጁሉን ከከርነሉ ጋር ሊንክ የሚያደርገው ራሱ ኢንስሞድ ነበር፤ ስለዚህ የጎደለውን ሲምቦል በስሙ ጠርቶ መናገር ይችል ነበር። ረስቲ ራስል ያንን ሥራ ወደ ከርነሉ ውስጥ ካስገባው በኋላ ግን ከርነሉ ለኢንስሞድ የሚመልስለት አንድ የስህተት ቁጥር ብቻ ሆነ። ኢንስሞድም ቁጥሯን ወደ አጭር ሐረግ ለውጦ ይነግረናል። ማንዋሉ ይህን አይደብቅም፤ የሚወጡት መልእክቶች በጣም ጥቅል እንደሆኑና ዝርዝሩ ዲሜሴጅ ላይ እንደሚገኝ ጽፎታል። ታዲያ ማንዋሉ የሚያውቀውን መልእክቱ ለምን አይናገርም? ወንድሙ ሞድፕሮብ እንኳ የማይታወቅ ሲምቦል ሲገጥመው ዲሜሴጅን እንድናይ በቅንፍ ይጠቁማል።

"ጎግል ያድርገዋ!" የሚል አይጠፋም። ቅዳሜና እሁድ ሞጆ ወይም ባቱ ቤተሰቡ ጋ ሆኖ በሞባይል ፓኬጅ ለሚሠራ ልጅ፣ ፓኬጁ ሲያልቅ ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ የቀረው አስተማሪ ስክሪኑ ላይ የወጣችው አንዲት መስመር ናት።

በእርግጥ ሥራው ቃል መጨመር ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም ፕሮጀክት አልለውም ነበር። የእነዚህ ትእዛዞች አንባቢ ግን ሰው ብቻ አይደለም፤ ስክሪፕትም ያነባቸዋል። ለምሳሌ ሞድፕሮብ ቀድሞ የተጫነ ሞጁል እንዲጭን ሲታዘዝ ምንም ሳይናገር "ተሳክቷል" ብሎ ይወጣል። ለጀማሪ ግራ ነው፤ ለቀላል ስክሪፕት ግን የሚመቸው እሱ ነው። ስለዚህ ይህን ባሕርይ ከመለወጥ ይልቅ "ፈርስት ታይም" የሚባል አማራጭ ተጨመረለት፤ በሱ ሲታዘዝ ምንም ያልሠራ እንደሆነ "አልተሳካም" ይላል። የትኛው ጽሑፍ በስታንዳርድ አውትፑት፣ የትኛው በስታንዳርድ ኤረር ይውጣ የሚለውም እንደዚሁ ማሰብን ይጠይቃል።

አንዳንዴ ደግሞ አንዲት መስመር ለማስተካከል ከርነሉ ድረስ መውረድ ያስፈልጋል። ከከርነሉ ጋር አብረው ተሠርተው የገቡ ሞጁሎችን ሞድኢንፎን ስትጠይቁት "አልተገኘም" ይል ነበር፤ ሞጁሉ እዚያው እየሠራ! እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ከርነል 5.2 የእነዚህን ሞጁሎች መረጃ የያዘ ፋይል ማዘጋጀት ጀመረ። ትእዛዞቹን ሁሉ አንድ ላይ የያዘው ኬሞድ ደግሞ በ2020 በወጣው ቁጥር 27 ፋይሉን ማንበብ ቻለ። ይሄ ፕሮጀክት ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

ስለዚህ ጥያቄዬ ለዲፓርትመንቱ መምህራን ነው። ቢያንስ አንድ ቡድን እንዲህ ያለ ርዕስ ይፈቀድለት። ኢንስሞድ ሲከሽፍ ወደ ዲሜሴጅ እንዲጠቁም ማድረግ ለመነሻ ይበቃል። ሲገመገምም የስክሪን ብዛት አይቆጠር፤ መልእክቱ በፊት ምን ይል እንደነበር፣ አሁን ምን እንደሚል፣ ነባር ስክሪፕቶች እንዳልተበላሹ በምን እንደተፈተሸ ይታይ። ፓቹ ለኬሞድ አዘጋጆች ይላክ፤ ባይቀበሉት እንኳ የሰጡት ምክንያት ከሪፖርቱ ጋር አባሪ ሆኖ ይግባ።