ለአንዱ የሚቆጠር፣ ለሌላው የማይቆጠር ነጥብ

የኔዘርላንድስን እግር ኳስ በአያክስና በፌይኖርድ በኩል ብቻ የሚያውቅ ሰው ኤርስተ ዲቪዚ የሚባለውን ሊግ ሰምቶት ላያውቅ ይችላል። ከዋናው ሊግ ከኤሬዲቪዚ ቀጥሎ ያለው፣ በእኛ አገር የከፍተኛ ሊግን ቦታ የያዘው ሊግ ነው። ሃያ ቡድኖች አሉት፣ እያንዳንዱም 38 ጨዋታ ያደርጋል፤ ጨዋታው በአብዛኛው ዓርብ ማታ ነው። የስያሜ መብቱን የገዛው ኩሽና የሚሸጥ ድርጅት ነው፤ ከዚህ በላይ ስለ ሊጉ ክብር ማለት አያስፈልግም። የአያክስና የፒኤስቪ ወጣት ቡድኖችም እዚያው ይጫወታሉ፣ ማደግ ግን አይፈቀድላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2018 የአያክስ ወጣቶች አንደኛ ወጥተው ዋንጫውን ወሰዱ፤ ያደገው ግን ሁለተኛ የወጣው ፎርቱና ሲታርድ ነበር። በዚህ ሊግ ዋናው ሽልማት ዋንጫው ሳይሆን ወደ ላይ የሚያወጣው በር ነው።

እ.ኤ.አ. የ2019/20 የውድድር ዓመት እስካሁን የሚያበሳጨኝም ይሄው በር በሩ ሥር ለደረሱት ስለተዘጋ ነው።

ኮሮና ጨዋታውን ሲያቋርጥ ሁሉም 29 ጨዋታ አድርጎ፣ ዘጠኝ ይቀረው ነበር። በሰሜን በፍሪስላንድ የሚገኘው የሌዋርደኑ ካምቡር በ66 ነጥብ ይመራል። ደጋፊዎቹ ራሳቸውን «ሱፐር ገበሬዎች» የሚሉት የዱቲንኸሙ ደ ግራፍስካፕ በ62 ይከተላል። ሦስተኛው ፎሌንዳም 55 ላይ ነው። ከላይ ባለው ሊግ ግርጌ ደግሞ አዶ ዴን ሃግ በ19፣ አርኬሲ ቫልቬይክ በ15 ነጥብ ተቀምጠዋል። መንግሥት እስከ ነሐሴ መጨረሻ ጨዋታ የለም ሲል ጉዳዩ ዘይስት ወደሚገኘው የፌዴሬሽኑ ጽሕፈት ቤት ተመራ።

ፌዴሬሽኑ 34ቱን የፕሮፌሽናል ክለቦች ድምፅ ጠየቀ። 16ቱ የሚያድገው ይደግ፣ የሚወርደውም ይውረድ አሉ። 9ኙ ተቃወሙ። 9ኙ ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ፌዴሬሽኑም አጥጋቢ ብልጫ አልተገኘም ብሎ ሚያዝያ 16 ቀን 2012 ዓ.ም. ማንም እንዳያድግ፣ ማንም እንዳይወርድ ወሰነ። አቋም ከያዙት 25 ክለቦች 16ቱ አንድ ወገን መሆናቸው ዋጋ አላገኘም። እኔን ከተቃዋሚዎቹ ይልቅ ዘጠኙ ዝምተኞች ናቸው የሚያናድዱኝ። የተቃወመ ክለብ ቢያንስ ጥቅሙን ሲከላከል ታውቆበታል፤ ዝም ያለው ግን የሌላውን እጣ ቀበረና እጁን ታጥቦ ሄደ። ከሁሉ በላይ ጥፋቱ የጠያቂው ነው። የሚወርደውንና የሚያድገውን ክለብ በገዛ ጉዳዩ ዳኛ አድርጎ ማስቀመጥ ኃላፊነትን መሸሽ ነው።

«ዘጠኝ ጨዋታ ማለት 27 ነጥብ ነው፤ ምንም አልተረጋገጠም ነበር» የሚል ክርክር አለ። እውነት ነው፣ ፎሌንዳም በሒሳብ ደረጃ አልተሸነፈም፤ አዶም ሊተርፍ ይችል ነበር። ይህን ክርክር እስከ መጨረሻው የያዘ ፌዴሬሽን ቢሆን ኖሮ አከብረው ነበር። ነገር ግን በዚያው ቀን፣ በዚያው ባልተጠናቀቀ ሰንጠረዥ፣ የአውሮፓ ውድድር ቦታዎች ታደሉ! አያክስና ኤዜድ እኩል 56 ነጥብ ይዘው በግብ ልዩነት ተለይተው ወደ ሻምፒዮንስ ሊግ፣ ፌይኖርድ፣ ፒኤስቪና ዊለም 2 ወደ ዩሮፓ ሊግ ተመደቡ። ያልተጠናቀቀ ሰንጠረዥ ለሀብታሙ ፓስፖርት ሲሆን ለካምቡር ቁራጭ ወረቀት ሆነ።

የካምቡር አሰልጣኝ ሄንክ ደ ዮንግ በኔዘርላንድስ ስፖርት እንዲህ ያለ ነውር ታይቶ አይታወቅም ብሎ ሲናገር አጋነነ ያሉ ነበሩ። እኔ አልልም። ካምቡርና ደ ግራፍስካፕ ክስ መሠረቱ፤ የኡትሬክት ፍርድ ቤት ግን ግንቦት 6 ቀን ውሳኔው የፌዴሬሽኑ ሥልጣን ነው ብሎ ፈረደ። በሕግ ረገድ ምናልባት ልክ ነው። ፈረንሳይም በዚያው ሰሞን ሊጓን በ28ኛው ሳምንት ላይ ዘግታለች፤ ግን ሎሪያንና ላንስን አሳድጋ፣ አሚያንና ቱሉዝን አውርዳ ነው። ከባድ ነበር፣ አሚያንም ተሟገተ፤ ሰንጠረዡ ግን ለላዩም ለታቹም አንድ ዓይነት ተነበበ።

በቀጣዩ ዓመት ካምቡር መልሱን በሜዳ ሰጠ። 92 ነጥብ ሰብስቦ ሻምፒዮን ሆነ፤ አጥቂው ሮበርት ሙረን ብቻውን 38 ግብ አስቆጠረ። ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች «ፍትሕ ዘግይቶም ቢሆን መጣ» ይላሉ። ደ ግራፍስካፕን የረሳ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። እነሱ በዚያ ዓመት ከጎ አሄድ ኢግልስ ጋር እኩል ነጥብ ይዘው በግብ ልዩነት ሁለተኛነቱን አጡ፤ አላደጉም። በ15 ነጥብ ግርጌ ላይ የነበረው አርኬሲ ደግሞ እስከ እ.ኤ.አ. 2025 ድረስ በኤሬዲቪዚ ቆየ። አንድ የስብሰባ ቀን የአንዱን ክለብ ዓመታት ለሌላው ሰጠ።

እኛም አገር የ2012 የውድድር ዓመት በዚያው ሚያዝያ ተሰርዟል። ሻምፒዮን የለም፣ ወራጅ የለም፣ ለአፍሪካ ውድድር የሚላክም የለም ተባለ። ጨካኝ ውሳኔ ነበር፤ ግን ለሁሉም እኩል ጨካኝ ነበር፣ በዚህ ከዘይስቱ ይሻላል። የኛ ክለቦችም ቢሆኑ ዕጣቸውን የሰሙት ጨዋታው ከቆመ በኋላ እንጂ ከመጀመሩ በፊት አልነበረም። ፌዴሬሽናችንና የሊግ ኩባንያው ስንት ጨዋታ ከተደረገ ሰንጠረዡ እንደሚጸና፣ ካልሆነም ምን እንደሚሆን የሚደነግግ አንቀጽ ካላቸው ያሳዩን። ከሌላቸው፣ ማን መሪ ማን ወራጅ እንደሚሆን ሳይታወቅ፣ ከመጪው የመጀመሪያ ጨዋታ በፊት ይጻፉት።