«ፈረንጅ ቢወስደው ኖሮ»

ባለፈው ቅዳሜ ከማኅበርተኞቼ ጋር ድፎ ዳቦና የልጆች ልብስ ይዘን ወደ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ሄድን። ልጆቹ ዘመሩልን፤ ዳቦው ተቆረሰ፤ ፎቶ ተነሣን። ልንወጣ ስንል በመጨረሻው ክፍል፣ መስኮት ሥር በተዘረጋ ፍራሽ ላይ፣ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ በጀርባው ተኝቶ አየን። ሴሬብራል ፓልሲ አለበት። እጆቹ ወደ ደረቱ ተኮማትረዋል፤ አይናገርም። ሞግዚቷ ገብታ ስሙን ስትጠራው ግን ፊቱ ሁሉ በራ። ከመካከላችን አንዷ ከንፈሯን መጠጠችና «ምናለ ይሄን እንኳ ፈረንጅ ቢወስደው ኖሮ!» አለች።

ማንም አልመለሰላትም። እኔም ዝም አልኩ። ዝምታዬ ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ከረመ፤ መልሴን እዚህ ልጻፈው።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች የውጭ ጉዲፈቻ ሲነሣ ደሜ እንደሚፈላ ታውቃላችሁ። በ2002 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2,000 በላይ ልጆቻችን ሄደዋል። እናታቸው በሕይወት እያለች «ወላጅ አልባ» ተብሎ የተጻፈላቸው ነበሩባቸው። በ2003 ዓ.ም. በዋሽንግተን ግዛት፣ በአሳዳጊዎቿ ጓሮ፣ ብርድ የገደላትን ልጃችንን አልረሳናትም። ጥር 2010 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ በሩን ሲዘጋው ደስ ብሎኛል። ዛሬም «ይከፈት» የሚለኝ ሰው ቢመጣ እሟገተዋለሁ።

ያን በር ስንዘጋ ግን እነማን እንደሚቀሩ አልጠየቅንም። ከሄዱት ልጆች መካከል ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ፣ ከንፈራቸው ወይም ላንቃቸው የተሰነጠቀ፣ መስማት የተሳናቸው፣ ቆልማማ እግር ይዘው የተወለዱ ነበሩ። እነዚህኑ ብለው የሚመጡ ቤተሰቦችም ነበሩ። አሜሪካ ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው እንዳይገባ የጣለችውን ክልከላ ታኅሣሥ 2002 ዓ.ም. ላይ ከማንሣቷ በፊት እንኳ፣ ልዩ ፈቃድ ለምነው የወሰዱ አሉ። ይህን ደግነት መካድ አልችልም። ቻይናም በነሐሴ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ የውጭ ጉዲፈቻን ማቆሟን ስታስታውቅ፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ትሰጣቸው ከነበሩት አብዛኞቹ አካል ጉዳት ወይም ሕመም ያለባቸው ልጆች ነበሩ። በሩ ሲዘጋ ውስጥ የሚቀሩት እነሱ ናቸው፤ እዚያም፣ እዚህም።

እኛስ? የማውቃቸው ባልና ሚስት ለማሳደግ ልጅ ሲጠባበቁ ሦስተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። የጠየቁት ሴት፣ ከስድስት ወር በታች፣ ጤናዋ የተሟላ ነው። ደጎች ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። ሆኖም ጉዲፈቻ የሚለውን ቃል ከነሥርዓቱ ያገኘነው ከኦሮሞ ወገኖቻችን ነው። በዚያ ሥርዓት የመጣ ልጅ ከአብራክ ከተወለደው እኩል ነው፤ ስሙም ውርሱም የቤቱ ነው። በዚህ ስንኮራ የኖርን ሰዎች መራመድ የማይችለው ልጅ ዘንድ ስንደርስ ለምን ወደ ፈረንጅ እንደምንመለከት አይገባኝም።

«አቅም የለንማ» ይሉኛል። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያም ሊሳለሙ ሄደው፣ በረሃብ ከወደቁት መካከል ያገኟቸውን ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ሲገቡ ሀብታም አልነበሩም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ትምህርት ቤቶች አንቀበልም ቢሏቸው፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ለእሱም ለመሰሎቹም የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ስለ አቅም ከዚህ በላይ አልከራከርም።

ይልቅ ስለ አንዲት እናት ልንገራችሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ከሚኒሶታ የመጣች ወጣት ወላጅ እናቷን ፍለጋ ስትሄድ አስተርጓሚ ሆኜ አብሬያት ደብረ ብርሃን አካባቢ ወደሚገኝ አንድ መንደር ሄጄ ነበር። ልጅቷ ሁለቱም እግሮቿ ተቆልምመው ነው የተወለደችው። ሁለት ዓመት ሳይሞላት ተወሰደች፤ እዚያ ታከመች፤ ዛሬ ትሮጣለች። እናትየው ደጃፍ ላይ ቆመው ጠበቁን። አላቀፏትም፣ አልሳሟትም። «መጀመሪያ እግርሽን አሳዪኝ» አሉ። ልጅቷ ጫማዋን አወለቀች። እናትየው መሬት ላይ ተንበርክከው ሁለቱንም እግሮቿን በእጃቸው ይዘው፣ እያገላበጡ፣ ለረጅም ጊዜ ዳሰሱ። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሱት።

መንደርተኛው «እርግማን ነው» ብሏቸው፣ ባል ጥሏቸው ሄዶ፣ «እዚህ አይድንም» ተብለው ነው የሰጧት። ልጅቷ አሳዳጊዎቿን ትወዳለች፤ እናቴ አባቴ ነው የምትላቸው። ስንመለስ መኪና ውስጥ ግን «እግሬ ዳነ፤ ለእግሬ ብዬ ግን እናቴን አጣሁ» አለችኝ።

ያ ሕክምና ምን መሰላችሁ? በየሳምንቱ የሚቀየር ጀሶ፣ አስፈላጊ ሲሆን ተረከዝ ላይ ትንሽ ቀዶ ጥገና፣ ከዚያም አራት አምስት ዓመት እስኪሞላት ሌሊት ሌሊት የሚደረግ ልዩ ጫማ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ይሰጣል። አንዲት እናት በየሳምንቱ ከገጠር የምትመላለስበት የትራንስፖርት ገንዘብና የምታድርበት ቤት ብታገኝ ልጇን ለማንም አትሰጥም።

መነሻዬ ጉዲፈቻ ነበር፤ ብዕሬ የወሰደኝ ግን ወደዚህች እናት ነው፤ አልመልሰውም። የማሳደጊያው ጥበቃ ቅዳሜ ዕለት የነገሩኝ ነገር አለ። ልጅ በር ላይ ጥለው የሚሄዱ እናቶች ርቀው አይሄዱም አሉኝ። ከመንገዱ ማዶ፣ ከስልክ እንጨቱ ጀርባ ቆመው፣ ልጁ እስኪነሣ ያያሉ። ጥበቃው ያዩዋቸዋል፤ አይጠሯቸውም። ቢጠሯቸው ምን ይሰጧቸዋል?

ለዚያ ጥሪ የሚሆን ነገር ማዘጋጀት የእኛ ፋንታ ነው። እርግጥ መስኮት ሥር የተኛው የዚያ ልጅ ሕመም በጀሶ አይድንም። እሱ የሚፈልገው ሰውነቱን የሚያፍታታለት ባለሙያ፣ ደግፎ የሚያስቀምጠው ወንበርና የእኔ የሚለው ሰው ነው። እናቱ የማሳደጊያው ደጅ ሳትደርስ በፊት ይህን ብናገኝላት፣ አንድም አሳዳጊ፣ ፈረንጅም ሐበሻም፣ ባላስፈለገው ነበር።

ሞግዚቷ ስምንት ልጆች አሏት። እሱን ለማብላት ቀና አድርጎ መያዝ፣ አንገቱን መደገፍ፣ እስኪውጥ መታገሥ ያስፈልጋል፤ አንድ ምሳ አንድ ሰዓት ይፈጃል። «ቁጭ አድርጎ የሚያበላልኝ አንድ ሰው ባገኝ» ነው ያለችን፤ ዳቦ አልጠየቀችንም።

እኅቴ፣ ማኅበርተኛዬ፣ ቅዳሜ አብረሽኝ ነይ። ምሳው ስድስት ሰዓት ላይ ነው።