ኮሙኒስቶቹ አሸንፈው ቢሆን ኖሮ?

እኛ ቡሉክ ውስጥ ቡና በተፈላ ቁጥር አንድ ክርክር አይቀርልንም። አንዱ «ሶቪየት ኅብረት ባትፈርስ መንግሥቱ አይወድቅም፣ እኛም እዚህ አንገኝም ነበር» ይላል። ሌላው ይቀበልና «ኧረ ኮሙኒስቶቹ እኮ በምርጫ ሊመለሱ ለጥቂት ነው የቀሩት!» ይላል። ለዛሬ ይህችን «ለጥቂት» እንያት።

ነገሩ ከባዶ ሜዳ አልተነሳም። እ.ኤ.አ. በ1996 መጀመሪያ የሩሲያው ፕሬዚዳንት ቦሪስ የልሲን በሕዝብ ዘንድ ወድቀው ነበር። የሠራተኛው ደመወዝ ለወራት አይከፈልም፣ የቼችኒያ ጦርነት ወጣቱን ይበላል፣ የ1995ቱን የፓርላማ ምርጫም ኮሙኒስቶች አንደኛ ሆነው ጨርሰዋል። ጁን 16 ቀን በተደረገው የመጀመሪያ ዙር የልሲን 35 ከመቶ፣ የኮሙኒስቱ መሪ ጌናዲ ዙጋኖቭ 32 ከመቶ አገኙ። ባለሀብቶቹ ገንዘባቸውን፣ ቴሌቪዥኑም ወሬውን ለየልሲን አዋሉ። በሁለቱ ዙሮች መካከል ልባቸውን ሲታመሙም ለሕዝብ አልተነገረም። ጁላይ 3 ቀን 54 ለ40 አሸነፉ ተባለ።

እሺ፣ ዙጋኖቭ አሸንፈው ቢሆንስ? ለኛ ጉዳይ ረፍዶ ነበር። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. አገር ጥለው ከወጡ አምስት ዓመት አልፏል። ደግሞስ የሞስኮ እርዳታ መድረቅ የጀመረው በማን ጊዜ ነው? በጎርባቾቭ ጊዜ! እሳቸው ደግሞ የኮሙኒስት ፓርቲው ዋና ጸሐፊ ነበሩ። መንግሥቱ ራሳቸው በ1982 ዓ.ም. «ቅይጥ ኢኮኖሚ» ያወጁት ነፋሱ መዞሩን አይተው ነው።

ኮሙኒስቶች በእርግጥ ያሸነፉበት የቀድሞ ሶቪየት አገርም አለ። ሞልዶቫ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ2001 ከ101 የፓርላማ ወንበር 71 ወሰዱ፣ መሪያቸው ቭላዲሚር ቮሮኒን ፕሬዚዳንት ሆኑ። ታዲያ ሶቪየት ተመለሰች? አልተመለሰችም። በ2003 ሞስኮ ያቀረበችላቸውን የትራንስኒስትሪያ ዕቅድ ቮሮኒን ራሳቸው አልፈርምም አሉ። ሕዝቡም ሥራ ፍለጋ ወደ ውጭ መሰደዱን አላቆመም። በ2009 ሥልጣን ለቀቁ።

አሁን ወደዚህ ሰፈር እንመለስ። የደርግ መውደቅ ለአንዱ እፎይታ፣ ለሌላው ስደት ነበር። በኢታንግ፣ በፉኝዶና በዲማ የተጠለሉ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ደቡብ ሱዳናውያን በ1983 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ካምፑን ጥለው ወደ ጦርነቱ አገር ተመለሱ። ጊሎ ወንዝን ሲሻገሩ ያለቁ ልጆች ብዙ ናቸው። ኤስፒኤልኤም ደጀኑን አጥቶ በወራት ውስጥ ለሁለት ተከፈለ። ዛሬ አስጠልሎን ያለው የጁባ ሰው ያኔ የኛ አገር ስደተኛ ነበር ማለት ነው። እሱ «መንግሥቱ ቢቆይ ኖሮ» ሲል ልጁን ያስባል። እኛ ዘንድ ደግሞ ልጇ ለብሔራዊ ውትድርና ከመንገድ የታፈሰባት እናት አለች። ለሷ አንድ ዓመት መጨመር ማለት ምን እንደሆነ መገመት አያቅትም። አንዱ «ቢሆን ኖሮ» የሚድንበት ሰው እንዳለ ሁሉ የሚሞትበትም አለው።

ክርክሩን ተዉ አንልም፣ ቡናውም ያለሱ አይጥምም። ነገር ግን ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንዳይሆንብን። የስደተኛ ጉዳይ መርማሪ ፊት ስንቀርብ የምንጠየቀው የሆነውን ነው፦ የት፣ መቼ፣ ማን፣ ለምን። ስንቶቻችን የመንግሥታትን ታሪክ በቀን እንተነትንና የራሳችንን የወጣንበትን ወር ስንጠየቅ እንደናገራለን! ስለዚህ እናትና አባቶች፣ ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ሰብስቡና የቤታችሁን ታሪክ በቅደም ተከተል ንገሯቸው። ደብተር ያለው ይጻፈው፣ ዓመተ ምሕረቱ የኛ ይሁን የፈረንጅ ለይቶ ያስቀምጠው።

እስከሚቀጥለው ዕትም ቸር ይግጠመን።