እናንተ ወደ አገር ቤት፣ ልጆቻችሁ ወደ ውጭ አገር

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው። ብዙዎቻችሁ ቲኬት ቆርጣችሁ ሻንጣ እያሰናዳችሁ ነውና የዚህ ወር ዓምዳችን ለእናንተ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እናንተ የምትሄዱት ወደ አገራችሁ ነው፤ እዚህ የተወለዱት ልጆቻችሁ ግን ወደ ውጭ አገር ነው የሚሄዱት። እኔ ይሄ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት «ያደግኩበት አገር፣ ምን እንሆናለን?» ብዬ ሐኪም ሳላማክር ልጄን ይዤ ሄድኩ። ዘመድ ለመጠየቅ ሐዋሳ ወርደን ጥቂት ቀን አደርን። በተመለስን በሦስተኛው ሳምንት የሰባት ዓመት ልጄን ትኩሳት ያዛት። ጉንፋን መስሎኝ ሁለት ቀን ቤት አቆየኋት። ወባ ነበር። ተመስገን፣ ድናለች። እነዚያን ሁለት ቀናት ግን እስከ ዛሬ አልረሳቸውም።

ከመነሳታችሁ በፊት

በልጅነታችሁ ወባ ይዟችሁ የሚያውቅ ቢሆንም፣ ውጭ አገር ዓመታት ስትኖሩ ሰውነታችሁ የነበረው የመከላከል አቅም ይዳከማል። ልጆቹ ደግሞ ጭራሽ የላቸውም። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ለወባ አትመችም። ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ድሬዳዋ ወይም ሌላ ዝቅ ያለ ቦታ የምትወርዱ ከሆነ ግን የመከላከያ ክኒን አስፈላጊ ነው። ከጉዞው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቀደም ብላችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ስለ ታይፎይድና ስለ ሌሎች ክትባቶችም ጠይቁ። ክኒኑን ከተመለሳችሁ በኋላም እንደታዘዘው ጨርሱት።

ልጆቹ ጥርሳቸውን ሲቦርሹ እንኳ የታሸገ ውኃ ይጠቀሙ። ጥሬ ሰላጣና ጥሬ ሥጋ ይቅርባቸው፤ ዘመድ ቢቀየምም ቅያሜው ያልፋል።

ጃኬት ያዙ! እዚህ በጋ ሲሆን አዲስ አበባ ክረምት ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡም ብርዱም አይቻልም። መብራቱ 220 ቮልት ስለሆነ ከአሜሪካ የምትሄዱ የፀጉር ማድረቂያችሁን እንዳታቃጥሉ። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድ፣ የውጭ ፓስፖርት ያለው ልጅ ቪዛ ወይም ቢጫ ካርድ ያስፈልገዋል። ከአዲስ አበባ ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ የመንገዱን ሰላም እዚያው ያሉትን ሰዎች ጠይቁ።

ለልጆቹ ቀድማችሁ ንገሯቸው

ሰላምታ፦ ለአያት ከሩቅ እጅ እያወዛወዙ «ሃይ» ማለት አይበቃም። ትልቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫ ይነሳል፤ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጅ ይጨበጣል። መሳሙም ብዙ ነው፣ ይዘጋጁበት። ትልቅ ሰው በባዶ ስሙ አይጠራም፤ ጋሼ፣ እትዬ፣ አባባ፣ እማማ ይባላል። «አንቱ» ማለት ቢጠፋባቸው ዘመድ ይስቃል እንጂ አይቀየምም።

ማዕድ፦ እጅ ታጥቦ፣ በቀኝ እጅ፣ ከፊት ለፊት ካለው ይበላል። ጉርሻ የፍቅር ነው፤ «የሰው እጅ አፌ ውስጥ!» ብለው እንዳይጮሁ ቤት ውስጥ አለማምዷቸው። የኔዋ አያቷ «በሞቴ ብይ» ሲሏት «ካልበላሁ ይሞታሉ እንዴ?» ብላ ልታለቅስ ነበር።

ሰዓት፦ «ጠዋት ሦስት ሰዓት እንመጣለን» ከተባለ በእነሱ ስልክ ዘጠኝ ሰዓት ማለት ነው። ስድስት ሰዓት መደመርና መቀነስ ይማሩ።

ለቅሶ፦ ይሄን አትዝለሉት። እናንተ በሌላችሁበት ያረፈ ዘመድ ካለ፣ ገና እንደደረሳችሁ የምትሄዱት እዚያ ቤት ነው። ትልልቅ ሰዎች ድምፅ አውጥተው ሲያለቅሱ፣ እናታቸውም አብራ ስታለቅስ ልጆች ክፉኛ ይደነግጣሉ። ማን እንደሞተ፣ ለምን እንደሚለቀስ ከዋዜማው ንገሯቸው። የሟችን ፎቶ አሳዩአቸው። አጠገባችሁ ዝም ብለው መቀመጣቸው በቂ ነው። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» የሚለውን ከቻሉ ደግሞ፣ ያ ቤት ዕድሜ ልኩን አይረሳላቸውም።

ስትመለሱ

ከጉዞ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ ከወራት በኋላም ቢሆን፣ ልጅም ሆነ አዋቂ ካተኮሰው አትጠብቁ። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱና «ኢትዮጵያ ነበርን፣ የወባ ምርመራ ይደረግልን» በሉ። ሐኪሙ እስኪጠይቃችሁ አትቆዩ። ወባ እዚህ እምብዛም ስለማይታይ ቶሎ ላይታሰበው ይችላል።

ልጆች፣ ይቺ ደግሞ ለእናንተ ናት። ከመሄዳችሁ በፊት አምስት ነገር አጥኑ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት አደሩ፣ አመሰግናለሁ፣ ጠገብኩ፣ ይቅርታ። አያቶቻችሁ ከሻንጣው ስጦታ ይልቅ በእነዚህ ነው የሚደሰቱት።

መልካም ጉዞ! በሰላም ደርሳችሁ በሰላም ተመለሱ።